ሐዋሳ ላይ የዘመርኩበት ድምፅ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ ከሚስቁት ወገን ነኝ፣ ጂንካ ተወልጄ አድጌ ስለ ቡዳው፣ ስለ ዛሩ ያልሰማሁት የለም፣ አንዱንም ግን ከቁም ነገር ቆጥሬው አላውቅም። ባልደረቦቼ "የሂሳብ አስተማሪ፣ ልብሽ ደረቅ" ይሉኛል። ይበሉኝ። ይሄኛው ግን በራሴ ላይ የደረሰ ነው፣ ባታምኑኝም አልፈርድባችሁም።

ኮሌጅ እያለን ከግቢ ጉባኤው መዘምራን አንዷ ነበርኩ፣ ነበርኩ ስላችሁ ከኋላ ቆሜ ከማጨብጨብ አላልፍም፣ ድምፄ የተሰነጠቀ ድስት ነው። ጓደኛዬ ታደለች ግን! የአሪ ልጅ ናት፣ አማርኛ ስታወራ እኔን ሴቷን "አንተ" ትለኛለች፣ እስኪያመን እንስቅባታለን፣ እሷም አብራን ትስቃለች፣ ስትዘምር ግን አንድ ቃል አይዛባባትም፣ እመኑኝ፣ ከበሮ መቺው ራሱ እሷን እየሰማ ምት ይስት ነበር።

ሐዋሳ ካቴድራል እሁድ እንድንዘምር ስንጠራ ያገኘነው አንድ ሚኒባስ ብቻ ስለሆነ፣ እንደ ልማዳችን ጸልየን ዕጣ ተጣጣልን። ለታደለች ወጣላት፣ ለእኔ አልወጣም። ጸሎት ተደርጎበት የወጣ ዕጣ ደግሞ የእግዚአብሔር ነው፣ አይለወጥም። እኔ ከወይጦ ወንዝ ማዶ አልፌ የማላውቅ ልጅ፣ ምን ልበላችሁ፣ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ታደለች አየት አደረገችኝና፣

"በቃ አንተ ሂድ፣ እኔ ሌላ ጊዜ እሄዳለሁ" አለችኝ።

ለመሪያችን ለዘላለም "ጉሮሮዬን አሞኛል" ብላ ዋሸችልኝ፣ እሱም እያጉረመረመ በእሷ ቦታ አስገባኝ። የጉባኤያችን ንስሐ አባት አባ ግን ይህን አልሰሙም። ጠዋት ሲሸኙን፣ ዕጣ የወጣላቸውን በክርስትና ስማቸው እየጠሩ መስቀል ሲያሳልሙ "ወለተ ሚካኤል" አሉ። የታደለች ስም ነው። እውነቱን ብናገር ከመኪናው መውረዴ ነው! "አቤት አባ" አልኩና ተሳለምኩ።

"ድምፅሽን ይባርክልሽ፣ ልጄ" አሉኝ።

ወይጦ ስንደርስ ሾፌሩ ጎማ ሊያይ ወረደ፣ ሙቀቱ አይጣል ነው፣ እኔም መስኮቱን ተደግፌ ለራሴ አንጎራጎርኩ። ከፊቴ የተቀመጠችው ልጅ ዘወር አለች።

"ታደለች ተደብቃ መጣች እንዴ?"

"ወንበር ስር ፈልጊያት!" አለ ከበሮ መቺው፣ ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ግን ጉሮሮዬ ውስጥ የሆነ ነገር ሞቅ ብሎኝ ስለነበር ኮንሶን እስክናልፍ ትንፍሽ አላልኩም።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቆምን። ዘላለም መዝሙሩን አወጣ፣ እኛ ልንቀበል አፋችንን ከፈትን፣ ከእኔ አፍ የወጣው የታደለች ድምፅ ነው። ትክክለኛው፣ የእሷው፣ መጨረሻ ላይ ሳብ የምታደርጋት እንኳ አልቀረችም። የጓደኞቼ ድምፅ አንድ በአንድ ጠፋና ብቻዬን ቀረሁ፣ ልዝጋው ብል አፌ አልታዘዝ አለኝ። ዘላለም ዞሮ ሲያየኝ ፊቱ አመድ መስሏል። ሕዝቡ ግን እልል አለ፣ እናቶች አለቀሱ፣ እኔም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

ጂንካ ስንመለስ ታደለች አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት። "እንዴት ነበር?" ልትለኝ አፏን ከፈተች፣ ከትንፋሽ በቀር የወጣ ነገር የለም። እሁድ ጠዋት ልብስ እያጠበች ስትዘምር መሀል ላይ ድምፅዋ ተቆረጠባት አሉኝ። ሆስፒታል ወሰድናት፣ ሐኪሙ ጉሮሮዋን ደጋግሞ አይቶ ምንም የለበትም አለ።

አባ ጋ ሄጄ ስለ ዕጣውም ስለ ስሙም ተናዘዝኩ።

"ልጄ፣ እግዚአብሔር ስም አይሳሳትም።"

"ታዲያ አባ፣ ይሄ የማን ድምፅ ነው?"

መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳርፈው አሰናበቱኝ።

ከዚያ በኋላ መዘመር እርም ብዬ ተውኩ። ወደ መዝሙሩ የመለሰችኝ ታደለች ናት፣ ቤቴ ድረስ መጥታ ጆሮዬ ሥር አንሾካሾከች፦

"አንተ ዝም ካልክ፣ እኔ የት እሰማዋለሁ?"

ይኸው ዓመታት አለፉ። ሁለታችንም ጂንካ አንድ ትምህርት ቤት እንሠራለን፣ እኔ አስተምራለሁ፣ እሷ በሹክሹክታ ማስተማር ስለማትችል ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ናት። እሁድ እሁድ ስዘምር ልትሰማኝ ቤተ ክርስቲያን ትመጣለች። እኔ ትንፋሽ ከመሳቤ በፊት የእሷ ደረት ከፍ ይላል፣ እሷ ስታስል የእኔ ዜማ ይቆረጣል። ሰው "ምን ያለ ድምፅ ሰጥቶሻል!" ሲለኝ አሜን እላለሁ፣ ሌላ ምን እላለሁ?

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቷ ደወለችልኝ፣ ታደለች በጠና ታማለች፣ ሳሉ ደም ቀላቅሏል አለችኝ። ነጠላዬን አፈፍ አድርጌ እየሮጥኩ ስወጣ፣ ከአፌ መጀመሪያ ያመለጠኝ ምን መሰላችሁ?

"ወይኔ፣ ድምፄን!"