የቻይና ኳሶች እና የአባቴ ቀኝ እጅ

ስለ ጂኒና ስለ መንፈስ ወሬ ሲነሳ ሰበብ ፈልጌ ከጨዋታው የምነሳ ሰው ነኝ፣ ዕድሜዬን ቆቦ ላይ የመስኖ ፓምፕ ስጠግን የኖርኩ ስለሆንኩ ድምፅ ያለው ነገር ሁሉ ወይ የላላ ብሎን ወይ ያለቀ ኩሽኔታ አለው ብዬ ነው የማምነው፣ ይህን ቀድሜ የምነግራችሁ ቀጥሎ የማወራውን ስትሰሙ ይሄም ለየለት እንዳትሉኝ ነው።

አምና ለሥልጠና ቻይና ሄጄ ስመለስ ያመጣሁት ሁለት የብረት ኳስ ነው። ቲሸርት ያልቃል፣ ሻይ ቅጠልም ተጠጥቶ ያልቃል፣ እነዚህ ግን መዳፍ የሚሞሉ፣ ከበድ ያሉ፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀቡ፣ ጨርቅ በተለበጠች ትንሽ ሣጥን የሚቀመጡ ናቸው፣ በአንድ እጅ ይዛችሁ ስታዟዟሯቸው ከውስጣቸው ያቃጭላሉ፣ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ወፍራም ድምፅ አለው። ሻጩ ሽማግሌ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያሽከረክራቸው ሳይ ልቤ እዚያው ቀረ፣ አብረውኝ የሄዱት የሕፃን መጫወቻ ገዛ ብለው ሲስቁብኝ እኔ ግን የደረቀ ጣት ያፍታታሉ ስለተባለ የማስበው የአባቴን እጅ ነበር።

አባቴን ስትሮክ መትቶት ቀኝ እጁ እንደተጨበጠ ቀርቶ ነበር። ሮቢት የሚኖረው ታናሽ ወንድሙ፣ አጎቴ ሰይድ፣ ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ያለ ተራው ወደ ራሱ ማሽላ መልሶበት ከተኳረፉ ዓመታት አልፈው ነበር፣ አባቴ የታመመው ደግሞ ሽማግሌ ገብቶ የእርቁ ቀን ከተቆረጠ በኋላ ነው። እኛ ዘንድ እርቅ በቀኝ እጅ ነው። ሽማግሌዎቹ ለታመመ ሰው ግራም ይበቃል ቢሉት አሻፈረኝ አለ፣ በግራው የታረቀ ቂም ይዟል ይሉኛል ብሎ። አጎቴ ይህን ሲሰማ እጁን ሰበብ አደረገው አለ፣ ነገሩ ባሰ። ሁለቱም አርጅተዋል፣ እንደተኳረፉ አንዳቸው ቢሞቱስ እያልኩ እጨነቅ ነበር።

ለወራት ኳሶቹን በእጁ ላስይዘው ታገልኩ፣ ጣቶቹ ንቅንቅ አላሉም።

አንድ አርብ ቤተሰቡ ጁምዓ ሄዶ እኔ አባቴን ለመጠበቅ ቀረሁ፣ ያ የቆቦ የቀትር ሙቀት ውሻውን ሳይቀር ጥላ ሥር የሚያስተኛበት ሰዓት ነው፣ ግቢው ውስጥ ፊቴን ስታጠብ ኳሶቹ ሲያቃጭሉ ሰማሁ። ቀጭን፣ ወፍራም፣ ቀጭን፣ ወፍራም፣ ቀስ ብሎ፣ ልክ መዳፍ ውስጥ ሲዟዟሩ እንደሚሰማው። ያዛቸው ብዬ በደስታ ሮጥኩ። ስገባ አባቴ ተኝቷል፣ ሣጥኗ እንደተዘጋች ቁም ሣጥኑ ላይ ነች፣ ድምፁ ግን አላቆመም፣ እመኑኝ፣ እዚያው እንደቆምኩ ሦስት አራት ጊዜ አቃጨለ። ሣጥኗን ስነካት ዝም አለ። ከፈትኳት፣ ኳሶቹ አሁን ከሰው እጅ እንደወጡ ሁሉ ሞቀዋል። የአገሩ ሙቀት ነው አልኩ ለራሴ፣ ሣጥኗ ግን ቀዝቃዛ ነበረች።

ዞር ስል የአባቴ ቀኝ እጅ ብርድ ልብሱ ላይ ተዘርግቷል፣ አምስቱም ጣቶች። አለቀስኩ፣ አልደብቃችሁም። ቀስቅሼው እጁን ባሳየው ግን እሱ ደስ አላለውም፣ ትክ ብሎ አየውና፣

«ሰይድ የት ሄደ?» አለኝ።

ማንም አልመጣም አልኩት።

እሁድ ጠዋት አጎቴ ሳይጠራ ከሮቢት በባጃጅ መጣ፣ ቀኝ እጁን ጋቢው ውስጥ ደብቆ። አርብ ሶላቱ አልቆ አጠገቡ ያለውን ሰው ሊጨብጥ ሲል ጣቶቹ ተቆልፈው ቀሩ፣ ሐኪም ቢያየው ምንም አላገኘበትም። ያን ሁሉ ጊዜ ሰበብ ነው ማለቱ አሳፍሮት አባቴ ፊት ተንበረከከ።

«ወንድምዓለም፣ ግራዬን ትቀበለኛለህ?»

አባቴ ያን የተጨበጠ እጅ በሁለት እጁ ይዞ ሳመው፣ ታረቁ፣ ቤቱ ሁሉ በለቅሶና በዱዓ ተሞላ።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ደግ ነበር። አባቴ፣ በግራው ጎርሶ የማያውቅ ሰው፣ ቀኙ ከዳነ ወዲህ የሚበላው በግራው ነው። እጅህ ድኖልህ ለምን ብዬ ብጨቀጭቀው አንድ ቀን፣

«የኔ አይደለም፣ ልጄ» አለኝ፣ «የሰይድ ነው።»

አጎቴ ስለ ኳሶቹ አያውቅም። ሊጠይቀን በመጣ ቁጥር ያን የተቆለፈ እጁን ሳልነካ ሻዩን አቀርብለትና ፓምፕ ተበላሽቶ ነው ብዬ እወጣለሁ።