በባዶ ሜዳ የተኛው መካኒክ

ጠጋ በሉ። ጠጋ በሉ እንጂ፣ ብርድ ነው። በሩ ተዘግቷል? እሺ። ዛሬ ጨረቃ የለችም። ይሄ ነገር እንዲህ ባለ ሌሊት ነው የሚወራው፤ ቀን ላይ ባወራላችሁ ትስቁብኛላችሁ።

ድሮ ነው። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሆኗል በሉ። ቦታው ሜዳ ነው። የቱ ሜዳ እንዳትሉኝ፣ ስሙን አልጠራውም። ቤት የለበትም። ዛፍ የለበትም። ውሻ እንኳ አይጮህበትም። በመሃሉ መንገድ ያልፋል፤ መንገድም አትሉት፣ ሁለት የጎማ መስመር ነው። በዚያ ላይ አንዲት መኪና ብቻዋን ትመጣለች። በመኪናዋ ውስጥ አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጧል።

ሰውየው ደምለው ይባላል።

ደምለው ሹፌር ነበር። ቀለሟ ምን እንደነበር እሱም የረሳው አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ነበረችው። ሚስቱ ከሞተች ሦስት ዓመት ሆኗታል፤ ልጅ አልወለዱም። ማታ ቤቱ ሲገባ የሚሰማው የራሱን የጫማ ድምፅ ነው። ግን በሳምንት ሁለት ቀን፣ በገበያ ቀን፣ ሰው ነበረው። የመንደሩ ሰው ከነፍየሉ ከነሽንኩርቱ ከኋላዋ ክፍት መጫኛ፣ ካሶኒው ላይ ይጫንለታል። ይጨቃጨቃሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ሲመለሱም ይዘፍናሉ። ደምለው ጋቢና ውስጥ ሆኖ ከኋላው ሲዘፍኑ ይሰማል። በቃ፣ የሱ ኑሮ ያ ነበር።

ታዲያ ከመንደሩ በታች ደረቅ ወንዝ አለ። አሸዋው ለስላሳ ነው። ፒክአፗ ዝቅ ያለች ስለነበረች ሆዷ አሸዋው ላይ ይቀመጣል፤ ሰው ወርዶ ይገፋል። ሽማግሌ ይገፋል፣ ነፍሰ ጡር ትገፋለች። ደምለው ይሄ አሳዘነው። እናም ከፍ አስደረጋት። ክብደቷን በሚሸከመው የብረት ንብርብር፣ በባሌስትራዋ ላይ ተጨማሪ ብረት አስደረበ፣ ትላልቅ ጎማ አሰረላት። እንደ ግመል ቆመች። አሸዋውን እየረገጠች ተሻገረችው። ሰው ሁሉ አጨበጨበለት።

ጭብጨባው ግን ሜዳው ድረስ አልቆየም። ሜዳው ላይ ወጥታ ፍጥነቷ አርባ ሲያልፍ፣ ከመቀመጫው ስር አንድ ነገር መንቀጥቀጥ ጀመረ። በወገብ ይወጣል። ጥርስ ያጋጫል። መስታወቱን ያርገበግበዋል። ካርዳኑ ነው። ካርዳን ታውቃላችሁ? ከካምቢዮ፣ ከማርሽ ሳጥኑ ተነስቶ እስከ ኋላ እግር የሚዘረጋ ረጅም ብረት ነው፤ እሱ ሲሽከረከር ነው ጎማው የሚዞረው። መኪናዋ ከፍ ስትል አቀማመጡ ተጣመመ።

ዕንቁላል የጫነች ሴት ግማሹን ተሰብሮ አገኘችው። ወገቡን የሚያመው ሰው ሳምንት ተኛ። አንዱ ደግሞ፣ «ይሄ ብረት አንድ ቀን ተነቅሎ መሬት ይወጋና ሁላችንንም ይገለብጠናል» አለ። ውሸቱን አልነበረም፤ የሚሆን ነገር ነው። ከዚያ ወዲያ ሰው አንድ በአንድ ቀረ። በአህያ ሄደ፣ በእግሩ ሄደ። ካሶኒው ባዶ ሆነ።

ደምለው ምን ያላደረገው ነገር አለ? የካርዳኑን መገጣጠሚያ ቀየረ። የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ ቀየረ። የጎማዎቹን ሚዛን አስጠበቀ። ከተማ ያሉት መካኒኮች አንድ ቃል ብቻ ነው የሚነግሩት።

«መልሰህ ዝቅ አድርጋት።»

«አሸዋውስ?»

«እሱን አንተ ታውቃለህ።»

ስለዚህ ባዶውን ይመላለሳል። የሰው ጭነት ስለጠፋ የሱቅ ዕቃ ያመጣል። ከአርባ በላይ መንዳት ስለማይችል ሁልጊዜ ሜዳው ላይ ይመሽበታል። በመንደሩ መግቢያ ላይ ሻይ ቤት ያላቸው እትዬ አሰገደች የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ሲያልፍ ከደጃፋቸው ሆነው ይጠሩታል።

«ደምለው፣ ሳይመሽ ተመለስ።»

«ምን አለ እትዬ? ጅብ ነው?»

«ጅብ አይደለም። ብቻ ሳይመሽ ተመለስ።» ይሉና ፊታቸውን ያዞራሉ።

ምን ነበር ፊት የሚያስዞረው? ቆዩ።

ነገሩ በጀመረበት የመጀመሪያው ምሽት ላይ ደምለው ሜዳው መሃል ሲደርስ ድምፅ ሰማ። ቋ። ቋ። ቋ። ብረት በብረት ሲመታ። ካርዳኑ ነው ብሎ ቆመ። ሞተር አጠፋ። መኪና ሲቆም ካርዳን ይዞራል? አይዞርም። ድምፁ ግን አልቆመም። ቋ። ቋ። ባትሪ አብርቶ ከስር አየ። ምንም የለም። ተነስቶ ሄደ።

ሁለተኛው ምሽት ላይ፣ እዚያው ቦታ፣ መብራት አየ። ከመሬት ብዙም ከፍ ያላለች፣ እንደ ፋኖስ ደብዛዛ መብራት። እረኛ ነው አለ። በዚያ ሜዳ ላይ እረኛ አድሮ ያውቃል? አያውቅም። ደምለውም ይሄን ያውቃል። አልቆመም።

ሦስተኛው ምሽት ላይ የመኪናው መብራት ሁለት እግር ላይ አረፈ።

ሁለት እግር። ጫማ ያደረጉ፣ ጣታቸው ወደ ሰማይ። ደምለው ፍሬን ያዘ። ሰው ነው። በጀርባው ተኝቷል። ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቷል። መካኒክ ከመኪና ስር ገብቶ ሲሠራ አይታችሁ የለ? ልክ እንደዚያ። ይፈታል፣ ያጠብቃል፣ ግንባሩን በክንዱ ይጠርጋል። አጠገቡ ፋኖስ አለ።

ግን መኪና የለም።

ከሰውየው በላይ ምንም የለም። አየር ነው። ሰማይ ነው። ሰውየው ባዶ አየር ስር ተኝቶ ባዶ አየር ይፈታል። ቋ። ቋ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ትሸሻላችሁ። ደምለውም መሸሽ ነበረበት። ግን ሦስት ወር ሙሉ በዚያ ሜዳ ላይ ከሰው ጋር አልተነጋገረም። ወረደ።

«ወንድሜ፣ ደህና ነህ?»

ሰውየው ዞር ብሎ እንኳ አላየውም። እጁን ብቻ ዘረጋ። «አስራ ሰባት ቁጥር ቁልፍ አቀብለኝ።»

ደምለው አቀበለው። እጁ እንደ ጉድጓድ ውሃ ይቀዘቅዛል።

«ያቺ ከፍ ያለችው ያንተ ናት?» አለ ሰውየው። «በየሳምንቱ ስታልፍ እሰማታለሁ። ካርዳኗ ያማታል።»

«ያቃተኝ እሱ ነው። ሁሉንም ቀየርኩ።»

«የሚቀየር የለውም። ካምቢዮውና በኋላ እግሮቹ መሃል ያለው ዲፈረንሻል ተኮራርፈዋል። እኩል መተያየት ነበረባቸው። ከፍ ስታደርጋት ካርዳኑን የሚቀበለው የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ወደ መሬት አቀረቀረ። ቀና ማድረግ ነው። ክሪክ አለህ?»

«አንድ አለኝ።»

«አንድ ብቻ? እኔም አንድ ነበረኝ።»

ደምለው በክሪኩ መኪናዋን አነሳ። ሰውየው በጀርባው እየተንሸራተተ ከስሯ ገባ። ስሙን ቢጠይቀው አርጋው እባላለሁ አለ። ከኪሱ ሁለት የብረት ሽብልቅ አወጣ። ባሌስትራው ከዲፈረንሻሉ ጋር የሚታሰርበት ጋ ቡሎኑን አላልቶ፣ በግራ አንድ በቀኝ አንድ፣ በመዶሻ እየመታ አስገባቸው። የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ቀስ እያለ ቀና አለ። ካርዳኑንም ፈቶ አንድ ጥርስ አዙሮ መለሰው። «ይሄን የገጠመው ሰው ቸኩሎ ነበር» አለ።

ደምለው ጎማው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጦ ያወራዋል። ስለ ሚስቱ አወራለት። ስለ ዘፈኑ አወራለት። አርጋው ከስር ሆኖ «እህ» ይላል፣ «ከዚያስ?» ይላል። ከዚያስ የሚለው ሰው ካጣ ስንት ጊዜው ነው! ሌሊቱ እንዴት እንደሄደ አላወቀም።

«አንተ ቤተሰብ የለህም?» አለው።

«ነበረኝ።»

«እዚህ ምን ትሠራለህ ታዲያ?»

«ሰው ይመጣል ብዬ ነው» አለ አርጋው። ቀጥሎ፣ «አሁን ግባ። የመጨረሻው ቡሎን ሁለት ሰው ይፈልጋል» አለው።

ደምለው ገባ። በጀርባው ተኛ፣ ትከሻ ለትከሻ። ቁልፉን ይዘው አንድ ላይ ሳቡ። ጠበቀ። «አለቀ» ብሎ ደምለው ፊቱን አዞረ። የፋኖሱ ብርሃን ሰውየው ላይ ነበር።

ከአንገቱ በታች ደረት የለውም። ደረት የሚሆንበት ቦታ እንደ ቆርቆሮ ተጠፍጥፎ መሬት ላይ ተለጥፏል። በሸሚዙ ላይ የብረት ቅርፅ ታትሟል። ትንፋሽ የለውም። ሌሊቱን ሙሉ ሲያወራ አንድ ጊዜ እንኳ አልተነፈሰም ነበር።

በዚያች ደቂቃ ክሪኩ ቂ...ጥ አለ።

መኪናዋ አንድ ጣት ዝቅ አለች። ደምለው ሊወጣ ሲል ያ ቀዝቃዛ እጅ ክንዱን ያዘው።

«አትሂድ» አለ አርጋው። ድምፁ ክፉ አልነበረም። «እዚሁ እንሁን። ሁለት ከሆንን አይከብድም።»

እውነቱን ልንገራችሁ? ለአንድ አፍታ ደምለው እሺ ሊለው ነበር። ቤት ማን ይጠብቀዋል? ማን ነው ዛሬ ዘገየህ የሚለው? ብረቱ ደረቱን ነካው። ሸሚዙን ተጫነ። ያኔ ነው ነፍሱ የጮኸችው።

«አርጋው፣ ልቀቀኝ! ሰው ይዤልህ እመጣለሁ!»

«ድሮ በዚህ ያለፈ አንድ ሹፌርም እንዲህ ብሎኝ ነው የሄደው። ክሪኬ ተንሸራትቶ መኪናዬ ስር ተይዤ አገኘኝ። ሰው ይዤ እመጣለሁ አለ። ሌሊቱን ሙሉ መብራት ጠበቅሁ። በማግስቱም ጠበቅሁ።»

«እኔ እመጣለሁ። ነገ ማታ። በእናቴ አጥንት!»

 ብረቱ መተንፈሻ እስኪያሳጣ ተጫነ። ከዚያ እጁ ላላ። ደምለው ተንፏቆ ወጣ፤ እግሩን ሲያወጣ ክሪኩ ወደቀ። ፋኖሱም ጠፋ። ከመኪናዋ ስር ማንም የለም።

ነዳ። አርባ። ሃምሳ። ሰባ። መኪናዋ አልተንቀጠቀጠችም። እንደ ውሃ ፈሰሰች። ደምለው ግን አንድ ጊዜም ወደ ኋላ አልዞረም።

ጎህ ሲቀድ እትዬ አሰገደች ሻይ ቤት በር ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ነገራቸው። አሮጊቷ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ።

«ያ ሹፌር ነግሮናል» አሉ። «እኔ ገና ሙሽራ ነበርኩ። እዚችው ቆሞ፣ አንድ መካኒክ ሜዳው ላይ ከመኪና ስር ተይዟል፣ እኔ ብቻዬን ላነሳው አልቻልኩም፣ ሰው ውጡ አለ። መሽቶ ነበር። ፈራን። ነገ እንሄዳለን አልን። በነጋታው ዘነበ። በሦስተኛው ቀን ስንሄድ...» አልጨረሱትም።

የዚያን ዕለት ማታ ደምለው ፒክአፗን የመንደሩ መሃል አቁሞ ጥሩምባ ነፋ። ማን ይወጣል? በሩ ሁሉ ተዘጋ። እትዬ አሰገደች ብቻ መጡ፤ ጉልበታቸውን ይዘው ካሶኒው ላይ ወጡ። «እኔ እሄዳለሁ» አሉ ጮክ ብለው፣ «ያኔ የቀሩት ግን አይቅሩ!» አንድ ሽማግሌ ወጣ። ከዚያ ልጆቹ። ከዚያ ጎረቤቱ። አስራ ዘጠኝ ሰው ሆኑ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ካሶኒው ሞላ። ግን ማንም አልዘፈነም።

ሜዳው መሃል ደረሱ። መብራቱ ሁለቱ እግሮች ላይ አረፈ። ቋ። ቋ። ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያያዘ። እትዬ አሰገደች ወረዱና አጠገቡ ቆሙ።

«አርጋው» አሉት፣ «ዘገየን። ይቅር በለን።»

እጆቹ አየር ላይ ቆሙ።

«ስንት ናችሁ?»

«ከደምለው ጋር ሃያ።»

«እንግዲያው አንሱልኝ።»

ምን ያንሱ? ከላዩ ምንም የለም! ደምለው ግን ጎንበስ ብሎ ባዶውን አየር ያዘ። ሌሎቹም ያዙ። በሉ አንድ ላይ፣ ሆ! አሉና ሳቡ። ከባድ ነበር። ትሰሙኛላችሁ? ምንም የሌለው ነገር ከባድ ነበር። ብረት ነበር፣ ይቀዘቅዝ ነበር፣ መዳፋቸውን ላጠው።  ወደ ላይ፣ ወደ ላይ፣ እስከ ወገባቸው አነሱት።

ሰውየው በጀርባው ተንሸራትቶ ወጣ። ቁጭ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰ፤ ሃያውም ሰምተውታል። ከዚያ ተነስቶ ሱሪውን አራገፈና ወደ ጨለማው ሄደ። እጃቸው ላይ የነበረው ክብደት ድንገት ጠፋ። ሃያ ሰው እርስ በርሱ ላይ ወደቀ።

ያን ሜዳ ዛሬም ሰው በሌሊት ያልፈዋል። ምንም የለበትም አሁን።

በሉ ተነሱ፣ ወደየቤታችሁ። ግን ብቻውን የሚሄድ አይኑር። እና አንድ ነገር ስሙኝ፦ ከመኪና ስር ብቻችሁን አትግቡ። ለተኛ ሰው ደግሞ «ሰው ይዤ እመጣለሁ» ካላችሁት፣ በዚያው ሌሊት ተመለሱ። ይጠብቃችኋላ።