ያልሞተች ሴት ስም

ይህ የምነግራችሁ ነገር የደረሰው በእኔው ቤት ነው፤ ጥፋቱም የወጣው ከእኔው አፍ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው።

ስሜን ግን አትጠይቁኝ... ለምን እንደሆነ ስትጨርሱ ይገባችኋል።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ከቀኑ አስር ሰዓት። ቤታችን ከካፕሳቤት ከተማ ወጣ ብሎ፣ ሻይ ተክሉ ከሚጀምርበት ዳገት ላይ ነው። ፀሐይዋ ገና ሞቅ እንዳለች ነበር።

ልጄ ከተወለደች ሁለተኛ ቀኗ ነው። ጡት አልያዘችም።

"ስምን መልአክ ያወጣዋል" ይባላል አይደል? እኛ ናንዲዎች ጋ ግን ስም የሚያወጣው የሞተ ሰው ነው።

አሮጊቶች ይሰበሰባሉ። የሕፃኗን አፍንጫ ቅንጣት ሱረት ያስነኩና የቤቱን ሙታን በየስማቸው ይጠራሉ። ስሟ ሲጠራ ሕፃኗ ያነጠሰችላት ሟች፣ በሕፃኗ ተመልሳ የመጣችው እሷ ናት። ስሙም የሕፃኗ ይሆናል።

አንድ ነገር ብቻ ክልክል ነው። በሕይወት ያለ ሰው ስም አይጠራም።

ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ብጠይቅ ኖሮ...

ሕፃኗን የታቀፉት አማቴ ነበሩ። ሁላችንም ኮጎ ነው የምንላቸው፣ አያት እንደማለት። የሱረቱን ቆርቆሮ የያዙት ደግሞ የባሌ አክስት፣ ሴንጌ ናቸው። ሁለት የጎረቤት አሮጊቶችም ነበሩ።

"ታፕሱቤይ... መጣሽ ወይ?" አሉ ኮጎ።

ዝም።

"ታፕኩርጎይ... አንቺ ነሽ?"

ዝም።

"ታፕኩርጎይን ተያት!" አሉ ሴንጌ። "በቁሟስ ለሥራ ስንጠራት መቼ መጥታ ታውቃለች?"

አሮጊቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። የዚያን ቀን የሳቅሁት እሱን ብቻ ነው።

ስም በስም ላይ ጠሩ። የአባት ወገን አለቀ፤ ወደ እናት ወገን ዞሩ። ሕፃኗ ታለቅሳለች... ድምጿ ግን እየቀጠነ ሄደ። ከንፈሯ ጠቆረ።

"ስም ሳትይዝ ጡት አትይዝም። እንዲህ ከሆነች ዛሬን አታድርም" አሉ ሴንጌ በሹክሹክታ።

"ዝም በይ! እናቷ ትሰማለች።"

ሰምቼ ነበር።

ያን ጊዜ ካቦን ትዝ አለችኝ። ካቦን የባሌ የኪቤት ታናሽ እኅት ናት። የልጅነት ጓደኛዬ። ከኪቤት ጋር ያገናኘችኝም እሷ ናት። ዓረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት ሄዳ ድምጿ ከጠፋ ሰባት ወር ሆኖት ነበር።

ኮጎ ጽዋዋን በየማታው አጥበው ያስቀምጡላታል። "ልጄ አልሞተችም" ይላሉ። ሌላ ነገር ለማለት የሚደፍር የለም።

እኔ ግን በልቤ ቀብሬያት ነበር። ይቅር ይበለኝ።

ኮጎ የመጨረሻውን ስም ጠሩ።

"ታፕሌትጎይ..."

በዚያችው ቅጽበት እኔ ከንፈሬን ብቻ እያንቀሳቀስኩ፣ "ካቦን... ከሞትሽ ልጄን አድኝልኝ" አልኩ።

አነጠሰች።

"ታፕሌትጎይ! ታፕሌትጎይ መጣች!"

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ኮጎ አለቀሱ። ሕፃኗን ደረቴ ላይ አደረጉልኝ፣ ጡቴን ለቀም አደረገች። ደስታዬን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ!

ሴንጌ ግን እልል አላሉም። አፌን ነበር የሚያዩት።

"ምን አልሽ?"

"ምንም።"

"ከንፈርሽ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።"

"እየጸለይኩ ነው።"

ቆርቆሯቸውን ከደኑ። "ጸሎት ከሆነ ደግ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ ልጄ" አሉና ወጡ።

ከዚያ ትንንሽ ነገሮች ጀመሩ...

ልጄን ታፕሌትጎይ ብለው ሲጠሯት ዓይኗን አታነሣም። ጡትም አትይዝም። በሩን ዘግቼ በጆሮዋ "ካቦን" ስላት ግን ወዲያው ትይዛለች። የገዛ ልጄን ስም እንደ ሌባ በር ዘግቼ የምጠራ ሆንኩ።

ስትተኛ ደግሞ የግራ ጆሮዋን በእጇ ትይዛለች።

ኮጎ አንድ ቀን አይተው ሳቁ። "እይዋት! ካቦኔም እንዲህ ነበር የምትተኛው። አክስቷን ወጣች!"

ምድጃውን ላየው ብዬ ወጣሁ።

በሦስተኛው ወር፣ በእኩለ ቀን፣ የኪቤት ስልክ ጮኸ።

"ኪቤት... እኔ ነኝ።"

"ማን?"

ኪቤት የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገው።

"እኅትህ።"

ኪቤት ጮኸ። ኮጎ በጉልበታቸው ወደቁ። በሕይወት አለች! አሠሪዋ ስልኳን ነጥቃት ኖሯል። አሁን ትኬት ቆርጠውላት ልትመጣ ነው።

ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። ያቺን ቅዳሜ እስካስታውስ ድረስ...

"ለሚስትህ ስጣት" አለች።

ስልኩን ይዤ ወደ ጓሮ ዞርኩ።

"ካቦን?"

"እንደሱ አትበይኝ" አለች ቀስ ብላ። "ስሚኝ... አንድ ቅዳሜ ልብስ አሰጣ ነበር። አስር ሰዓት ገደማ። ሰው ጠራኝ።"

"ማ... ማን?"

"ድምፁ የአንቺ ነበር።"

ቤት ያሉት እንዳይሰሙ ከግድግዳው ራቅሁ።

"ከዚያ ወዲህ ሲጠሩኝ አልሰማም። ስሜን ፓስፖርቴ ላይ አነበዋለሁ... የሌላ ሰው ይመስለኛል። ምን አድርገሽኝ ነው?"

ስልኩ ተቋረጠ።

በማግሥቱ ሴንጌ ቤት ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

"መመለስ ይቻላል?" አልኳቸው።

"ይቻላል። ስሙን ከሕፃኗ ላይ ታነሺዋለሽ።"

"ሕፃኗስ?"

"ያለ ስም ምን ስትሆን እንደነበር አላየሽም?"

የጠቆረው ከንፈሯ ታየኝ።

"አይነሣም" አልኩ። "ለኮጎም አይንገሩብኝ።"

እናት የሆናችሁ ፍረዱኝ። ልጄን መረጥኩ።

ካቦን ከአሥር ቀን በኋላ መጣች። ኮጎ ከሩቅ አይተዋት እየሮጡ ወጡ።

"ካቦን! ካቦኔ!"

ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየች። የሚጠሩት ማንን እንደሆነ ለማየት።

ጀርባዬ ላይ ያለችው ልጄ ግን አንገቷን አዙራ ወደ ኮጎ ሳቀች።

ካቦን አየቻት። ሻንጣዋን መሬት ላይ አኖረች።

ያን ቀን ሁሉም በላ፣ ጠጣ። ከቅሉ የተቀዳ እርጎ ተሰጣት፤ ድሮ ጽዋውን ትልስ የነበረችው ልጅ አንዴ ቀምሳ አስቀመጠችው። ከዚያ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

"ስሟ ማነው?"

"ታፕሌትጎይ።"

"ውሸታም" አለችኝ። ቁጣ እንኳ የለበትም።

"ካቦን፣ ይቅር..."

ልጄ ከእንቅልፏ ነቅታ አለቀሰች። ካቦን ፈገግ አለች።

"አየሽ? ስትጠሪኝ አቤት የምትለው እሷ ናት። ግድ የለም፣ ትደግ። እኔ ግን ያለ ስም መኖር አልቻልኩም።"

በማግሥቱ፣ አስር ሰዓት ላይ፣ ከመስኮቴ ሥር ድምፅ ሰማሁ። በመስኮቱ ወደ ታች አየሁ።

የሱረት ቆርቆሮ ይዛ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ጣቷን ነከር አድርጋ የራሷን አፍንጫ አስነካች።

"ታፕሱቤይ..."

ጠበቀች። ምንም የለም።

"ታፕኩርጎይ..."

ምንም።

ስታበቃ ቆርቆሮውን ከድና ተነሣች። በማግሥቱም መጣች። በሦስተኛው ቀንም። ሁልጊዜ አስር ሰዓት። ሁልጊዜ ከመስኮቴ ሥር።

"ለሙታን እየጸለየች ነው፣ ተዋት" ይላሉ ኮጎ። ምስኪን፣ ልጃቸው ተመልሳላቸው ሌላ ምን ይታያቸዋል!

እኔ ግን ከውስጥ ሆኜ አብሬያት እቆጥር ነበር። የአባት ወገን... የእናት ወገን... በየቀኑ ጥቂት አዳዲስ ስም ከኮጎ ጠይቃ ትመጣለች። በየቀኑ የሚቀራት ያንሳል።

ሙታኑ ሲያልቁ ምን ታደርጋለች?

ትናንት አለቁባት።

ልጄን ታቅፌ ከመስኮቱ አጠገብ ቆሜ ነበር። የመጨረሻውን ጠራች... ጠበቀች... ምንም።

ልትነሣ ነው ብዬ ስጠብቅ እንደገና ጣቷን ሱረቱ ውስጥ ነከረች። ቀና ብላም በመስኮቱ አየችኝ።

"ይቅርታ" አለችኝ በሹክሹክታ።

ከዚያ በሕይወት ያለ ሰው ስም ጠራች።

የእኔን።

አነጠሰች።

ልጄን ይዤ እዚያው ቆምኩ። እስኪያመኝ ወይም እስኪያዞረኝ ጠበቅሁ። ምንም የተለወጠ ነገር የለም። እግሬም እጄም የእኔው ናቸው። "ዝም ብዬ ነው የፈራሁት" አልኩ።

ኪቤት ከሻይ ለቀማው ተመልሶ በሩ ላይ ደረሰ። እንደ ሁልጊዜው ገና ከደጅ ስሜን ጮክ ብሎ ጠራ።

ሰማሁት። ድምፁን ሰማሁት... የሚጠራው ግን ማንን እንደሆነ ሊገባኝ አልቻለም።

"አቤት!" አለች እሷ ከመስኮቱ ሥር።

ቀሚሷን አራግፋ ተነሣችና ባሌን ልትቀበል ሄደች።