ከሊድ የተዋሰው ብስክሌት

የከሊድ አስከሬን ገና ከሆስፒታል ሳይወጣ ነበር ሱፍዋን ለዓለምፀሐይ የደወለላት። ዓለምፀሐይ አዲስ አበባ ለረጅም ዘመን የፖሊስ መርማሪ ሆና ሠርታለች፤ አሁን ናይሮቢ ውስጥ እሱ የሚሠራበት የረድኤት ድርጅት የጥበቃ ኃላፊ ናት።

«ፖሊሶች ‹የሚስትህን ወንድም ገድለሃል› እያሉኝ ነው» አላት። «ብስክሌቱ የኔ ነው፤ የሰጠሁትም እኔ ነኝ። ከሰዓት በኋላ ሊወስዱኝ ይመጣሉ። እባክዎ ይድረሱልኝ።»

ከሊድ የሞተው ከናይሮቢ ወደ ማይ ማሂዩ ከተማ በሚወርደው ቁልቁለት፣ መታጠፊያ ላይ ከነብስክሌቱ ገደል ገብቶ ነው።

ዓለምፀሐይ መጀመሪያ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ብስክሌቱን አየች። የፊት ጎማው አየር የለውም፤ ቀዳዳ ግን አላገኘችበትም። ቫልቩ ጫፍ ላይ ያለችው አየር የምትዘጋ ትንሽ ዳዶ ላልታ ቀርታለች።

ከዚያ ኪሊማኒ ሰፈር ወደሚገኘው የሱፍዋንና የሚስቱ የሙርሺዳ አፓርታማ ሄደች። ከሊድን በብስክሌት አጅቦ የነበረውን ጓደኛውን ጃፈርን ግቢ ውስጥ አገኘችው።

«መንገድ ላይ ስለ ብስክሌቱ ያለህ ነገር ነበር?»

«የከሊድ ኮርሳ ብስክሌት ጎማው ቀጭን ነው፤ እንደ ድንጋይ አጠንክሮ ነው የሚነፋው። የሱፍዋን ሰፊ ነው። ‹ፍራሽ ላይ የተቀመጥኩ ይመስለኛል› አለኝ። ሰፊ ጎማ እንደዚያ ነው፣ ትለምደዋለህ አልኩት።» ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። «እኔ ነኝ ትለምደዋለህ ያልኩት።»

«ቤት ገብተህ ነበር?»

«አልገባሁም። ከካሳራኒ ሰፈር መጥቼ ከከሊድ ጋር በር ላይ ሱፍዋንን ጠበቅነው። የከሊድ ብስክሌት ሰንሰለት እዚያው ተበጠሰ። ሱፍዋን ብስክሌቱን ይዞ እንደወረደ ከቢሮ ተደወለለት። ‹በቃ፣ የኔን ውሰድ› ብሎት በታክሲ ሄደ።»

«ለሙርሺዳ ማን ነገራት?»

«እኔ ደወልኩላት። ‹ወድቋል› ብቻ ነው ያልኳት። ‹እግሩን ነው?› አለች። ከሊድ መሆኑን ስነግራት ስልኩ ተዘጋ።»

ዓለምፀሐይ ሱፍዋንን፣ ጃፈርንና ሙርሺዳን ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ሙርሺዳ ጥግ ላይ ተኮራምታለች።

«ሱፍዋን፣ ጎማውን መቼ ነፋኸው?»

«ትናንት ማታ። ጠዋት አልነካሁትም፤ ቸኩዬ ነበር።»

«እንግዲያው አየሩ የተለቀቀው ብስክሌቱ እዚህ ቤት ባደረበት ጊዜ ነው። ጃፈር ደግሞ አልገባም። አንተም የቢሮው ስልክ እስኪመጣ ድረስ ራስህ ልትነዳው ነበር፤ ከስልኩ በኋላ ብስክሌቱ ከጃፈር ዓይን አልራቀም። ብስክሌት የሚነዳ ሰው አየር ካስተነፈሰ ዳዶዋን መልሶ ማጥበቅ ልማዱ ነው። ይህችን የነካው ሰው ግን አላወቀም፤ የቀረውም አየር ቀስ እያለ ወጣ። አንተ ብትሆን ብስክሌትህን ስለምታውቀው ገና ከሰፈር ሳትወጣ ትወርድ ነበር። ከሊድ ግን ሰፊ ጎማ እንዲህ ነው ብሎ ቀጠለ።»

ወደ ሙርሺዳ ዞረች። «ጃፈር የማንንም ስም ሳይጠራ ስለ እግር ጠየቅሽው። የጠበቅሽው የማንን እግር ነው?»

ሙርሺዳ ቀና ብላ ሱፍዋንን አየችው።

«ነገ ልጃችንን ሰብሪናን ይዞብኝ ከአገር ሊወጣ ነው» አለች። «ልጄን ላላያት ነው። ለመንኩት፤ አልሰማኝም። ወድቆ እግሩ ቢሰበር ጉዞው ይቀራል ብዬ ሌሊት አየሩን አስተነፈስኩት። ወንድሜ እንደሚነዳው በምን ልወቅ? ብስክሌቱን ሲሰጠው ተኝቼ ነበር።»

ሱፍዋን ተነስቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። ከታች የፖሊስ መኪና ሲቆም ተሰማ።

«እማዬ ከሞያሌ ተሳፍራለች» አለች ሙርሺዳ። «ለቀብሩ እየመጣች ነው። ማነው የሚነግራት?»

ዓለምፀሐይ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች፤ በሩ እስኪንኳኳም አልተነሳችም።