ጫማ ያዡ

ይዲድያ ያን ቀን ምላሱን ቢቆርጠው ይሻለው ነበር!

ጊዜው የዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ቦታው ቶሮንቶ ነው። ይዲድያ የሙዚየም ጥበቃ ነበር። የሚጠብቀውም ማርያም ከመስቀል የወረደ ልጇን ታቅፋ የምታለቅስበትን፣ ከጣሊያን በውሰት የመጣ ጥንታዊ ሥዕል ነው። አንዲት ጠይም ሐበሻ መጣች። በሩ ላይ ጫማዋን አወለቀች፤ ነጠላዋን አስተካክላ በካልሲ ገባችና ሥዕሉ ፊት ሰገደች።

ገና ሲያያት ልቡ ቀለጠ። ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«እህቴ፣ ጫማሽን አድርጊ! ሥዕል እኮ ነው። እኔ የወንጌል አማኝ ነኝ፤ እኛ ለሥዕል አንሰግድም።»

ማን ጠየቀው!

ቀና አለች። ዓይኖቿ እንባ አቅርረዋል።

«እናቴ ወንድሜን ከጦር ሜዳ ሲያመጡላት እንዲህ ታቅፋው ነው ያለቀሰችው... ለአንተ ግን ሥዕል ነው።»

ጫማዋን አንስታ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ሥዕሉን ባየ ቁጥር የሚታየው የእሷ ዓይን ሆነ። ስሟን አያውቅ፣ ቤቷን አያውቅ! ሥዕሉ ደግሞ ወደ አገሩ ሊመለስ ነው። የመጨረሻው ቀን በሐበሻ ስቅለት ዋለ። «ከመጣች ዛሬ ናት» ብሎ የዕረፍት ቀኑን ትቶ ገባ።

መጣች! አረጋውያን የምትንከባከብበትን የነርሲንግ ሆም ዩኒፎርሟን እንደለበሰች በሩ ላይ ቆመች።

«ቤተ ክርስቲያን አልሄድሽም?»

«ማኔጀሬን ለስቅለት ኦፍ ብጠይቃት ‹ጉድ ፍራይዴ እኮ አለፈ› አለችኝ። ገና አሁን መውጣቴ ነው፤ እዚያ አልደርስም... ዛሬም ልታባርረኝ ነው?»

«አይደለም። ጫማሽን ስጪኝ።»

«ምን ልታደርገው?»

«ልይዝልሽ። እኔ አልሰግድም። አንቺን ግን እስክትጨርሺ ማንም አይነካሽም። ይቅር በይኝ... ስምሽን እንኳ አላውቅም።»

«ሥርጉት» አለችው። ጫማዋንም ሰጠችው።

እሷ ስትሰግድ፣ ጎብኚው የሴት ጫማ የታቀፈውን ጥበቃ እያየ ሳቀ። ይሳቅ!

ከሥራ ሲወጣ በአውቶቡስ እስከምትኖርበት ቶርንክሊፍ ፓርክ ድረስ ሸኛት፤ መሸኘቱም ልማድ ሆነ። «ጴንጤና ኦርቶዶክስ እንዴት ሆኖ?» ብሎ ያላወራ ሐበሻ አልነበረም። እነሱ ግን ሲቲ ሆል ሄደው በማዘጋጃ ቤት ተጋቡ።

በሚቀጥለው ስቅለት ሥርጉት ኦፍ አግኝታ ቤተ ክርስቲያን ዋለች። ስትወጣ ባሏ ጫማዋን ታቅፎ ደጁ ላይ በካልሲ ቆሟል።

«ውይ! የአንተስ ጫማ?»

«አወለቅሁት።»

«አልሰግድም አላልክም?»

«አሁንም አልሰግድም። ግን አንቺ ውስጥ እያለቀስሽ፣ እኔ እንዴት ተጫምቼ ልጠብቅሽ?»

ሥርጉት ጎንበስ ብላ መጀመሪያ የእሱን ጫማ አጠለቀችለት።