ሐይቁ ዳር ያስተኛሁት

ላታምኑኝ ትችላላችሁ። አልፈርድባችሁም። እኔም ሌላ ሰው ቢያወራልኝ አላምንም ነበር።

ግን ሆኗል። በእኔ፣ በባለቤቴና በሁለት ልጆቼ ላይ የደረሰ ነገር ነው።

ቀኑ ጳጉሜን ሦስት። ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ተኩል። ጨለማ የለም፣ ጫካ የለም... ጠራራ ፀሐይ ነው።

ሊዲያ እባላለሁ። ሆሳዕና ውስጥ አራተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ባለቤቴ አጵሎስ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ልጄ ቤቴል አሥር ዓመቷ ነው። ትንሹ አዶናይ ስድስት።

ክረምቱን ሙሉ ልጆቹ በዝናብና በጭቃ ምክንያት ቤት ውስጥ ተዘግተው ነበር የከረሙት። አጵሎስ ትምህርት ሳይከፈት ውሃ ዳር ሊወስዳቸው ቃል ገብቶላቸዋል። ከጓደኛው ከዳኘ ቪትዝ መኪና ተዋሰና በጠዋት ተነሳን። ሾኔ ላይ ዳቦና ለስላሳ ገዛን። ከዚያ ከአስፋልቱ ወርደን በኮረኮንች መንገድ ወደ አንድ ሐይቅ አመራን።

የሐይቁን ስም አልጽፍም። ማንም እንዲሄድ አልፈልግም።

ቦታው ያምራል። ከላይ አረንጓዴ ሣር፣ ከታች ንጹሕ አሸዋ፣ ከዚያ ውሃው። መኪናውን ሣሩ ላይ አቆምንና እየሮጥን አሸዋው ላይ ወረድን።

አንድ ነገር አስተውዬ ነበር...

ሣሩ በከብት ተሞልቷል። አሸዋው ላይ ግን አንድ የኮቴ ምልክት የለም። ከብቶቹ ውሃ ለመጠጣት ዞረው፣ ሩቅ ሄደው፣ ድንጋያማው በኩል ነው የሚወርዱት።

"ምነው እዚህ አይጠጡም?" አልኩት አጵሎስን።

"ላሞቹን ጠይቂያቸው" ብሎ ሳቀ።

የተጠበሰ በቆሎ የምትሸጥ ሴት ሣሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ሃቢባ ትባላለች። በእጇ ጠራችን። እሷ ወደ እኛ አልመጣችም፣ እኛ ነን ወደ እሷ የሄድነው። በቆሎውን ስትሰጠኝ እግሯ ከሣሩ አንዲት ጣት እንኳ አላለፈም።

"ደጋው ዘንቧል" አለችኝ በተሰባበረ አማርኛ። "ወንዙ ይመጣል። ውሃው ዛሬ ይሞላል። ቶሎ ሂዱ።"

"እሺ፣ እናመሰግናለን።"

"ልጆቹ ደግሞ... ቀስ ይበሉ።"

"እየሮጡ ነው እንጂ ምን አደረጉ?"

"ድምፅ" አለች።

ልጅ ውሃ ዳር መጥቶ እንዴት ዝም ይላል? ኳስ ተጫወቱ። ጮኹ። ቤቴል አሸዋው ላይ እየዘለለች በሁለት እግሯ ትደልቀው ነበር። ከስሩ ባዶ ቤት ያለ ይመስል... ዱም ዱም ይላል።

ከዚያ ቲክቶክ ላይ ያየችውን ጨዋታ አመጣች። ጉድጓድ ቆፍራ አዶናይን ውስጡ አቆመችውና እስከ ወገቡ በአሸዋ ቀበረችው። እየሳቀ ነበር። ፎቶ አነሳሁት።

ቤቴል እጇን አራግፋ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። አጵሎስ ጋደም ብሏል።

ጥቂት ደቂቃ አለፈ።

"እማ..."

"ወዬ?"

"ቤቴልን ልቀቂው በያት።"

"ምኑን?"

"እግሬን።"

ቤቴል አጠገቤ ተቀምጣ እንቁላል ትልጥ ነበር።

ቀና ብዬ አየሁት። አሁን አይስቅም። አሸዋው ወገቡ ላይ አልነበረም... ደረቱ ላይ ደርሷል።

ተነስቼ ሮጥኩ። አጵሎስ ከኋላዬ መጣ። ብብቱን ይዘን ጎተትነው። አልወጣም። እንደገና ጎተትነው። ልጄ ጮኸ። በጎተትነው ቁጥር ወደ ታች ይወርዳል።

"ቆፍሪ!" አለኝ አጵሎስ።

በአራት እጅ ቆፈርን። አንድ እፍኝ ስናወጣ ሁለት እፍኝ ተመልሶ ይሞላል። አሸዋው ከስር ረጥቧል። ውሃው ቅድም ሃያ እርምጃ ይርቀን ነበር። አሁን አሥር አይሞላም።

"አትጩሁ!"

ሃቢባ ናት። ሣሩ ጫፍ ላይ ቆማ በሁለት እጇ አፏን ይዛለች።

"ነይ እርጂን!" አላት አጵሎስ በሀዲይኛ።

ጭንቅላቷን ነቀነቀች። እያለቀሰች ነበር፣ ግን አልወረደችም። "አትጩሁ... አትጎትቱት... ሲጎትቱት ይብሳል።"

የዛፍ ሥር ይዞት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ወይም የዓሣ መረብ። በሆዴ ተኛሁና ቀኝ እጄን በእግሩ ጎን ወደ አሸዋው ሰደድኩ። ጉልበቱን አገኘሁ። ባቱን። ቁርጭምጭሚቱን...

ሥር አልነበረም።

ጣቶች ናቸው።

ትናንሽ ጣቶች። ሙቅ። የልጄን ቁርጭምጭሚት ዙሪያውን ይዘዋል።

እዚህ ላይ መጮህ ነበረብኝ። ግን አዶናይ ፊቴን እያየ ነው። ከፈራሁ እንደሚፈራ አውቃለሁ። አንዷን ጣት አገኘሁና በቀስታ ከእግሩ ላይ አነሳኋት። ሁለተኛዋን... ሦስተኛዋን...

እጁ ልጄን ለቀቀ።

ከዚያ የእኔን ያዘ።

"አውጣው! አሁን!" አልኩት አጵሎስን። አዶናይ እንደ ካሮት ተነቅሎ ወጣ። እኔ ግን እስከ ትከሻዬ ወደ ውስጥ ተሳብኩ። ጉንጬ አሸዋው ላይ ተለጠፈ።

አጵሎስ መጀመሪያ አልገባውም። "ተነሺ እንጂ! ሊዱ፣ ተነሺ!"

"ይዞኛል።"

"ምን?"

"እጅ ነው። የልጅ እጅ። አትጩህ... ልጆቹን ሣሩ ላይ አድርሳቸው።"

ወስዶ ለሃቢባ ሰጥቷት ተመለሰ። ወገቤን አቅፎ ሲጎትተኝ ትከሻዬ ቋ አለ። ከስር ያለው ደግሞ በዚያው ልክ ሳበኝ። አንድ ጆሮዬ አሸዋ ገባበት። የመጀመሪያዋ ትንሽ ማዕበል መጥታ ፀጉሬን ነካችኝ።

አጵሎስ ተንበርክኮ ጮክ ብሎ መጸለይ ጀመረ። እጁ ይበልጥ ጠበቀ። አጥንቴ ሊሰበር ነው።

"በልብህ..." አልኩት። "በልብህ ጸልይልኝ።"

አሁን ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል። እንባው ትከሻዬ ላይ ይንጠባጠባል።

"ሃቢባ!" አልኩ ባለችኝ ትንሽ ድምፅ። "ምንድነው?"

መልሷ ከሣሩ በሹክሹክታ መጣ።

"ይተኛል። ሁልጊዜ ይተኛል። እናንተ ቀሰቀሳችሁት።"

ዝም ብዬ ተኛሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ? መጎተት ሳቆም እሱም መሳብ አቆመ። ጣቶቹ ላላ አሉ። አልለቀቁኝም... ግን መዳበስ ጀመሩ። የእጄን መዳፍ ዳበሱ። ከዚያ እጄን ቀስ ብለው ወደ አንድ ነገር ወሰዱት።

ጉንጭ ነው።

ለስላሳ፣ ሙቅ ጉንጭ። ትንፋሽ መዳፌ ላይ ይሰማኛል። አሸዋ ስር... ይተነፍሳል።

ጉንጩን መዳፌ ላይ አስደገፈና ተመቻቸ። አዶናይ እንቅልፍ እምቢ ሲለው እንደዚሁ ነው የሚያደርገው።

ያኔ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ገባኝ።

ልጆቼን የማስተኛበት መዝሙር አለ። ከእናቴ የተማርኩት ነው፣ በሀዲይኛ። ዜማው እንጂ ቃሉ ሊመጣልኝ አልቻለም። አፌን ዘግቼ ማንጎራጎር ጀመርኩ። አውራ ጣቴን ደግሞ ጉንጩ ላይ ቀስ እያደረግኩ አመላለስኩ።

ውሃው ጆሮዬን ሸፈነው።

"ሊዱ..." አጵሎስ ሁለት እጁን ከጭንቅላቴ ስር አስገብቶ ቀና ሊያደርገኝ ይታገላል።

ማንጎራጎሬን አላቆምኩም።

አውራ ጣቴ ወደ አፉ ተጠጋች። እንደ ሕፃን ሳባትና አፉ ውስጥ አስገባት። መጥባት ጀመረ።

ጥርስ አለው።

የሕፃን ጥርስ አይደለም። ትልልቅ። ረጃጅም። የአዋቂ ሰው ጥርስ... በትንሽ አፍ ውስጥ።

ብነቃነቅ አበቃልኝ። ልጅ ያስተኛ ሰው ይሄን ያውቃል። ቸኩለህ ከተነሳህ ይነቃል። ስለዚህ ውሃው የከንፈሬን ጫፍ ሲነካ እንኳ አልቸኮልኩም። በአፍንጫዬ እየተነፈስኩ አንጎራጎርኩ። ውሃው ወደ አፍንጫዬ ሲመጣ ትንፋሼን ያዝኩ፣ ሲመለስ ትንሽ ሳብኩ። ምን ያህል ቆየሁ? አጵሎስ ግማሽ ሰዓት ነው ይላል። እኔ አላውቅም።

መጥባቱ ዘገየ።

አንድ... ረጅም ዝምታ... ሌላ አንድ...

አቆመ።

አፉ ተከፈተ። ትንፋሹ ከበደ። ጣቶቹ አንድ በአንድ ወደቁ።

አሁንም አልወጣሁም። ሦስት ትንፋሽ ቆጠርኩ። ቤቴል ሕፃን ሳለች እንዲሁ እቆጥር ነበር። ከዚያ እጄን ከጉንጩ ስር እያንሸራተትኩ ማውጣት ጀመርኩ። መዳፌ ወጣ። ክርኔ ደረሰ...

ከስር የሆነ ነገር ተገላበጠ። መላው አሸዋ ከሆዴ ስር ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ። ትንሽ አልነበረም። የጭንቅላቱ ትንሽነት ብቻ ነው ያታለለኝ።

እንደገና አንጎራጎርኩ። ፀጥ አለ።

ወጣሁ።

አጵሎስ አቅፎኝ በእግሩ ጣቶች እየረገጠ ሣሩ ላይ አደረሰኝ። ማንም ቃል አልተናገረም። ምንጣፉን፣ ኳሱን፣ ጫማችንን... ሁሉንም ትተን ነው የወጣነው። ሃቢባ ሻርፗን አውልቃ ማንቀሳቀስ ያቃተኝን እጄን ጠቀለለችልኝ። ምን እንደሆነ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ጣቷን ከንፈሬ ላይ አደረገች።

"ሂዱ። ሂዱ ብቻ።"

ሆሳዕና ስንገባ እየመሸ ነበር። ትከሻዬ አልተሰበረም፣ ወልቆ ነበር። በሐኪም ተመለሰልኝ። አዶናይ መስከረም ላይ ትምህርቱን ጀመረ። የተያዘው እግሩም ድኗል። ቤቴል "እኔ ነኝ የቀበርኩት" እያለች ብዙ አለቀሰች፣ አሁን ግን ደህና ናት። አጵሎስ ስለዚያ ቀን እንዲወራ አይፈልግም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ ምስክርነት አልሰጠንም። ምን ብለን?

አንድ ነገር ግን ለእሱም አልነገርኩትም።

መኪናው ውስጥ ገብተን፣ አጵሎስ ቁልፉን ሲፈልግ፣ በኋላው መስታወት ወደ ዳርቻው ዞር ብዬ አየሁ። እኔ የተኛሁበትን ቦታ ውሃው ሸፍኖታል። ውሃው ያልደረሰበት አሸዋ ግን እስከ ሐይቁ መታጠፊያ ድረስ ረጅም ሆኖ ፀሐይ ላይ ተዘርግቷል።

አሸዋው ይነሳል... ይወርዳል።

እዚህ አንድ ጉብታ። እዚያ ሌላ። ከዚያ ወዲያ ሌላ። ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ዓይኔ እስከሚያይበት ድረስ... የዳርቻው አሸዋ በሙሉ ይተነፍሳል።

እኔ አንድ ብቻ መስሎኝ ነበር።

አጵሎስ ቁልፉን አገኘና ሞተሩን አስነሳ።

ያን ጊዜ ጉብታዎቹ ሁሉ በአንድ ላይ ቀጥ አሉ። ሰው ድምፅ ሰምቶ... ትንፋሹን ውጦ ሲያዳምጥ እንደሚያደርገው።