ቢጫ የሆነው ጠርሙስ

ሐኪሙ ቤተ ሙከራው ውስጥ በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። ቁስል የለበትም። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ኮሪደሩ ላይ የቆመው፣ ቱቦው ወደ ክፍሉ የሚገባው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ሲሊንደር ግን ባዶ ነው።

አስከሬኑ ከተነሣ በኋላም መርማሪዋ ከኋላዋ ሰው የቆመ እየመሰላት ደጋግማ ዞር አለች። ጠረጴዛው ላይ ክፍት ሳህንና የተከደነ ጠርሙስ ነበሩ። የሳህኑ ፈሳሽ ሮዝ፣ የጠርሙሱ ቢጫ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለቻት የሐኪሙን ረዳት።

«የልጄ ነጭ የደም ሕዋሳት። ዕጢዋን እንዲገድሉላት ነው የምናሳድጋቸው። ፈሳሹ አሲድ ሲሆን ቢጫ ይሆናል፤ እነሱም ይደነዝዛሉ። ዕጢው አጠገባቸው እያለ ዝም ይላሉ።»

«ማን አኮመጠጠው?»

«ራሳቸው። ሲቆዩ ያኮመጥጡታል።»

የሟች ታናሽ ወንድም ግን ሌላ ነገር ነገራት። «ፈሳሹን ዛሬ ጠዋት ነው የቀየረላቸው። ‹ካልነቁ እጥላቸዋለሁ› አለኝ። ወንድሜ ቀልድ አያውቅም፤ በሠርጌ ቀን እንኳ እጅህን ታጠብ ነው ያለኝ።»

መርማሪዋ ሁለቱንና የሟችን ሚስት እዚያው ክፍል ሰበሰበች።

«በአንድ ጠዋት አይኮመጥጥም። ጋዙ ክፍሉን ሲሞላ የጠርሙሱ ክዳን ላልቶ ነበር፤ ጋዙ ፈሳሽ ውስጥ ሲሟሟ ያኮመጥጣልና ሁለቱም አሲድ ሆኑ። መስኮቱ ሲከፈት ሳህኑ ተንፍሶ ወደ ሮዝ ተመለሰ። ጠርሙሱ ያልተመለሰው፣ ጋዙ ሳይወጣ ክዳኑን ያጠበቀ ሰው ስላለ ነው። ገዳዩ በሩን ከውጭ ቆልፎ ጠበቀ። ሲገባ፣ ከመስኮቱ በፊት እጁ የሄደው ወደ ጠርሙሱ ነው።»

«እኔ ብሆን ጠርሙስ ትዝ አይለኝም» አለ ወንድምየው።

«ለዚህ ነው ያላሰርኩህ። በሉ፣ ጠርሙሱ ማስረጃ ነው፤ ታሽጎ ይሄዳል።»

«እንዳታሽጊው!» ረዳቷ ጮኸች። «ይሞታሉ! እኔ ነኝ... ሊጥላቸው ነበር። ማሞቂያ ሳጥናቸው ውስጥ ያሉ መስሎኝ ነው ጋዙን የከፈትኩት። አሁን ከታጠቡ ይነቃሉ፤ ከቆዩ ግን...»

መርማሪዋ ወደ ሚስትየው ዞረች። «ከታጠበ ቀለሙ ይጠፋል፣ እትዬ። ነገ ቃሏን ብትክድ፣ ለባለቤትዎ ደም ያለኝ ማስረጃ ይሄ ብቻ ነው።»

ሴትየዋ ወደ ባሏ ባዶ ወንበር አየች። የተቀመጠበት ሰው እንዳይሰማት የፈራች ይመስል ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ልጇ ምን አደረገችኝ?»

ከማቀዝቀዣው አዲስ ሮዝ ፈሳሽ አውጥታ ለረዳቷ ሰጠቻት።

«በይ ቀይሪላቸው። ከዚያ ወዲያ ግን ዓይንሽን እንዳላየው።»